ርዕስሽን አትቀይሪ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አያትሽም ከዘጌ መጥታ እዚሁ ባሕር ዳር ከእኛ ጋር ናት። አንዳንዴ በሟቹ ወንድሟ ስም ትጠራኛለች። የልጅነቷን የቡና ለቀማ ግን አንድም ሳታዛንፍ ታወራለች። ጎረቤቱ «እርጅና ነው» ይላል። ሐኪሙ አልዛይመር ነው ብሎናል። ጸበሉንም ክትትሉንም አላቋረጥንም።

በስልክ «ማይክሮ አር ኤን ኤ ለአንጎል በሽታ መድኃኒት አልሆነም፤ የምርምር ርዕሴን ልቀይር ነው» ካልሽኝ ወዲህ ሐሳብ ይዞኛል። እባክሽ አትቀይሪ።

የላክሽልኝን ሁሉ አንብቤያለሁ። እኔ ባዮሎጂ ሳስተምር አር ኤን ኤን የፕሮቲን መሥሪያ መልእክት ተሸካሚ አድርገን ነበር የምናልፈው። ማይክሮ አር ኤን ኤ የምትባል፣ 22 ገደማ ኒውክሊዮታይድ (የአር ኤን ኤ «ፊደል») ብቻ ያላት ቁራጭ መልእክቱን ዝም ታሰኛለች ብሎ ማን ያስብ ነበር! ቪክተር አምብሮስና ጋሪ ራቭከን በ1993 እ.ኤ.አ. ግኝቱን ሲያሳትሙ ብዙ ተመራማሪ የአንዲት ትል ጉዳይ ብቻ መስሎት ነበር። ኖቤሉ የመጣው በ2024 ነው። አየሽ ስንት ዓመት እንደፈጀ?

እኔን የያዘኝ ሚር-132 የምትሉት ማይክሮ አር ኤን ኤ ነው። በአልዛይመር ታማሚዎች አንጎል ውስጥ ቀንሶ ይገኛል። በአይጦች ላይ ሲተካ የማስታወስ ችሎታቸው ተሻሽሏል። ሚር-29ም እንዲሁ፦ በአንዳንድ ታማሚዎች እሱ ሲቀንስ አሚሎይድን (በታማሚዎች አንጎል ውስጥ የሚከማቸውን ፕሮቲን) የሚያመነጨው ቤስ1 ኤንዛይም ከፍ ብሎ ታይቷል። ግን መቀነሱ ነው በሽታውን ያመጣው ወይስ በሽታው ነው ያስቀነሰው? ለእኔ ትልቁ ጥያቄ ይሄ ነው፤ ሥራሽም እዚህ ላይ ነው የሚያስፈልገው።

ችግሩ ይገባኛል። አንዷ ማይክሮ አር ኤን ኤ በመቶዎች የሚቆጠሩ መልእክቶችን ትነካለች፤ አንዱን ላስተካክል ሲሉ ሌላው ሊበላሽ ይችላል። በ2018 የጸደቀው ፓቲሲራን፣ የዘመዷ የኤስ አይ አር ኤን ኤ (እሷም መልእክት ዝም የምታሰኝ ትንሽ አር ኤን ኤ ናት) መድኃኒት፣ በዘር የሚመጣ የነርቭ በሽታ ያክማል። የሚሠራው ግን ጉበት ላይ ነው። ወደ አንጎል ማድረሱ ሌላ ጣጣ ነው። ቢሆንም መንገዱ ተከፍቷል።

ለአያትሽ ይደርሳል ብለሽ ቃል አትግቢ፤ እኔም አልጠብቅም። የምለምንሽ ለሚቀጥሉት ነው።

ሚር-132ን የምትለኪው ሂፖካምፐስ (የአንጎል የማስታወሻ ክፍል) ላይ ብቻ ነው ወይስ ደም ላይም? ይሄን ጻፊልኝ። እናትሽ በርበሬና ሽሮ በሰው ልካልሻለች።

አባትሽ