ተከራይ ሰው ሲሞትበት ድንኳኑ ለምን ይቆለፋል?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

እንደምን ሰነበታችሁ። የምጽፍላችሁ ከየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው። ጉዳዬ የሰፈራችን እድር ነው። ነገሩን የምጀምረው ግን ከሩቅ፣ ከአውስትራሊያ ስለሆነ ትንሽ ታገሱኝ።

የአክስቴ ልጅ ሜልበርን ነው የሚኖረው። ከባድ መኪና ይነዳል። ከሜልበርን አደሌድ ጭነት ያመላልሳል፤ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ነው። ግማሹ ላይ ሲደርስ ኒል የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። እዚያ ይቆማል፣ ቡናውን ይጠጣል፣ እግሩን ያፍታታል፣ ለእኔም በቴሌግራም ድምፅ ይልክልኛል። ስለ ኒል መጀመሪያ የሰማሁት ከእሱ ነው። ከዚያ እኔም ፈላልጌ አነበብኩ።

ኒል ከሜልበርን 375 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ከአዲስ አበባ ኮምቦልቻ እንደማለት ነው። ያለችው ዊመራ በሚባለው የስንዴ አገር ነው፤ ዙሪያው ሜዳ፣ ስንዴና ትልልቅ የእህል ማከማቻ ነው። የሕዝቧ ቁጥር 2,000 ገደማ ነው። የእኛ ሳይት አንድ ጥጉ ብቻ ከዚያ ይበልጣል።

እንዲህ ባሉ ከተሞች ብዙው ነገር የሚሠራው በነዋሪው ነው። እሳት ሲነሳ የሚወጣው አብዛኛው ሰው ደመወዝተኛ አይደለም። ገበሬው ነው፣ ባለሱቁ ነው፣ መምህሩ ነው፤ የያዘውን ጥሎ ይሮጣል። ቅዳሜ ቅዳሜ ወንዱ በእጅም በእግርም የሚጫወቱትን የራሳቸውን እግር ኳስ፣ ሴቱ ኔትቦል ይጫወታል፤ ሁለቱም በአንድ ክለብ ስም። በዚያው በዊመራ ሩፓንዩፕና ሚንዪፕ የሚባሉ ሌሎች ትንንሽ ከተሞችም አሉ። ትልልቆቹ ባንኮች ከገጠሩ ቅርንጫፎቻቸውን እየዘጉ ሲወጡ ነዋሪው እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። አክሲዮን አዋጣ፣ ከቤንዲጎ ባንክ ጋር ተስማማ፣ እ.ኤ.አ. በ1998 የራሱን ቅርንጫፍ ከፈተ። ከትርፉ የተወሰነው ተመልሶ ለዚያው ለአካባቢው ይውላል። በእቁብና በእድር ላደገ ሰው ይሄ እንግዳ ነገር አይደለም። እኔም ሳነበው "ይሄማ የኛ ነው" ነው ያልኩት።

ኒል ላይ ግን ከዚህ የሚበልጥ ነገር አለ።

እዚያ ሉቭ ኤ ዳክ የሚባል የዳክዬ ሥጋ የሚያዘጋጅ ድርጅት አለ። ሥራውን ማስፋት ፈለገና ሰው አጣ። ወጣቱ ወደ ትልልቅ ከተሞች ይሄዳል፣ የቀረው ያረጃል፤ የገጠር ከተማ ሁሉ ችግር ነው። በዚህ ጊዜ ሜልበርን ውስጥ ካረን የሚባሉ የምያንማር ስደተኞች ነበሩ። ከወታደሩ ሸሽተው ታይላንድ ድንበር ላይ በመጠለያ ብዙ ዓመት የኖሩ፣ ብዙዎቹ የገበሬ ልጆች ናቸው። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ እነሱን ማምጣት ጀመረ። አመጣጡ ነው ደስ የሚለው። በጅምላ አምጥቶ አልበተናቸውም። ቀድሞ የከተማውን ሰው አነጋገረ። መጀመሪያ ጥቂት ቤተሰብ መጣ፣ ሌላው ቀስ እያለ ተከተለ። ቤት የሚፈልግላቸው፣ እንግሊዝኛ የሚያስተምራቸው፣ መኪና መንዳት የሚያለማምዳቸው ሰው ከዚያው ከነዋሪው ተገኘ።

በአምስት ዓመት ውስጥ ካረኖቹ ወደ 200 ደረሱ። በዚያች ከተማ ከአሥር ሰው አንዱ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ጥናት በእነዚያ ዓመታት ለአካባቢው ኢኮኖሚ ከ41 ሚሊዮን በላይ የአውስትራሊያ ዶላር እንደጨመሩና ወደ 70 የሥራ ቦታ እንደተፈጠረ አስልቷል። ሁሉም አልጋ በአልጋ አልነበረም፤ የሚከራይ ቤት እጥረት መጣ። ቢሆንም ከተማዋ ትላንት የመጣውን ሰው "ነገ ትሄዳለህ" ብላ በር ላይ አላቆመችውም።

አሁን ወደ ቤቴ ልመለስ።

በእኛ መወጣጫ 10 ቤት አለ። 7ቱ ተከራይ ነው። ዕጣ የደረሰው አከራይቶ ሌላ ቦታ ይኖራል። እድራችን ደግሞ ተከራይ አይመዘግብም። ደንቡ ላይ "የቤት ባለቤት የሆነ" ይላል። እኔ ባለቤት ስለሆንኩ አባል ነኝ፤ ለዓመታት ይቺን መስመር አይቼ አልፌያታለሁ። ነገሩ የገባኝ ባለፈው ክረምት ነው።

አራተኛ ፎቅ ላይ ሁለት ልጆች ያሏት ተከራይ አለች። ባሏ ሌሊት አረፈ። ጠዋት ስንነሳ ጥሩምባ የለም። የሰማነው ልጅቷ ስትጮህ ነው። ዝናብ ይዘንባል። ኮሙናሉ ቁልፍ ነው። ቁልፉ የእድሩ ንብረት ክፍል ጋ ነው። የእድሩ ድንኳን ከብሎካችን በር 30 እርምጃ በማይሞላ ቦታ ኮንቴይነር ውስጥ ተጣጥፎ ተቀምጧል። ወንበሩም፣ ብረት ድስቱም፣ ትልቁ ጀበናም እዚያው ነው። ሄጄ ጠየቅሁ። "ጋሼ፣ እኛም አዝነናል፣ ግን ደንቡ አይፈቅድም፣ ለአንዱ ከፈቀድን ነገ ሁሉም ይመጣል" አሉኝ። የመለሱልኝ ሰዎች ክፉ አይደሉም። ከሰዓት በኋላ መጥተው ከእሷ ጋር ተቀምጠው አልቅሰዋል። ድንኳኑ ግን አልወጣም።

ምን አደረግን? ከግንባታ የተረፈ አራት አጣና አቆምን። ጉሊት የምትቸረችረው ሴትዮ ሽንኩርቷን የምታለብስበትን ሰማያዊ ላስቲክ ፈታ ሰጠችን። እሷም ተከራይ ናት። ላስቲኩ አልበቃም፤ ዝናቡ በአንድ በኩል ይገባ ስለነበር ሽማግሌዎቹን ወደ መሃል አስገብተን እኛ ዳር ቆምን። መቀመጫ ስላልነበረ ሰው በተገለበጠ ጄሪካንና በደረጃው ላይ ተቀመጠ። ንፍሮውን ሦስት ቤት ተከፋፍለን ቀቀልን። እስከ ሰልስቱ እንዲሁ ነው የቆየነው። የሟች ወንድም ከወሎ መጥቶ ያን ላስቲክ ቀና ብሎ ሲያይ አየሁት። ምንም አላለም። እኔ ግን የት እንደምገባ ነው የጠፋኝ።

ለመከልከሉ የሚሰጠውን ምክንያት አውቀዋለሁ። "ተከራይ ይሄዳል" ነው። ሁለት ወር ከፍሎ፣ ሰው ሞቶበት ገንዘብ ተቀብሎ፣ ጓዙን ጠቅልሎ ይሄዳል ይባላል። ስጋቱ ከንቱ ነው አልልም። የእድሩ ብር የድሃ ብር ነው። አሁን ግን የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 አለ፤ በእሱ መሠረት ውሉ ከሁለት ዓመት በታች ሊሆን አይችልም፣ መመዝገብም አለበት። ታዲያ ውል የያዘ ሰው ሁለት ዓመት ጎረቤቴ ነው። ሁለት ዓመት አብሮ ቡና የሚጠጣ፣ ልጁ ከልጄ ጋር ትምህርት ቤት የሚሄድ ሰው እንዴት መንገደኛ ይባላል?

እኔ የማቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። ገንዘቡንና ዕቃውን እንለያቸው። ተከራይ ውሉን አሳይቶ ይመዝገብ፣ ወርሃዊውን እንደኛው ይክፈል። ድንኳን፣ ወንበር፣ ድስትና ኮሙናል ከተመዘገበበት ቀን ጀምሮ ይገባዋል። ድንኳን ስለተዘረጋ አያልቅም። የገንዘቡ ክፍያ ስድስት ወር ከቆየ በኋላ ይሁን። የመመዝገቢያውን ብር አንዴ ክፈል ከምንለው በየወሩ እየከፋፈለ ይጨርስ፤ በየዓመቱ እየጨመረ አሁንማ ለባለቤቱም ከብዷል። ሲለቅ ደግሞ እድራችን መሸኛ ይጻፍለት። የሚሄድበት ሰፈር እድር መሸኛውን አይቶ የቆየበትን ጊዜ ይቁጠርለት። ይሄ የመጨረሻው ብዙ እድሮች መስማማት ስላለባቸው በአንድ ጀምበር አይሆንም፤ ከየካ አባዶ ውስጥ ካሉት ብንጀምር ግን ምን ይከለክለናል?

ከበረንዳዬ ሆኜ ወደ ተራራው ሳይ ባሕር ዛፍ ነው የሚታየኝ። እሱም ከአውስትራሊያ ነው የመጣው፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን። ያን ቀን ያቆምነው አጣና እንኳ ከእሱ ነው። አሁን ባሕር ዛፍን መጤ ነው የሚለው ማን ነው?

የአክስቴ ልጅ ባለፈው ሳምንት ከኒል ሲደውልልኝ ይሄን ሁሉ ነገርኩት። እሱም "እዚህ እኔ ራሴ ተከራይ ነኝ እኮ" አለኝ። ሜልበርን በገባ በሦስተኛው ወር እናቱ፣ አክስቴ፣ እዚህ ስታርፍ እዚያ ያሉት ኢትዮጵያውያን አዳራሽ ይዘው፣ ምግብ ሠርተው አስለቅሰውታል። ከየት መጣህ፣ መቼ ትሄዳለህ ያለው የለም።

የእድራችን ጠቅላላ ስብሰባ የዚህ ወር መጨረሻ እሁድ ነው። ሐሳቡን በጽሑፍ አስገብቻለሁ። አንባቢዎች አንድ ነገር ብትረዱኝ ደስ ይለኛል። በሰፈራችሁ ተከራይ የሚመዘግብ እድር ካለ፣ ደንቡ ላይ እንዴት ብላችሁ እንደጻፋችሁት፣ ስንት ወር እንደምታስጠብቁ፣ የለቀቀ ሰው ላይ ምን እንደምታደርጉ በዚሁ በደብዳቤ ዓምዱ ጻፉልን። ዝግጅት ክፍሉም ከስብሰባው በፊት ቢያወጣልን፣ ጋዜጣውን ይዤ ገብቼ አነብላቸዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር
የየካ አባዶ ነዋሪ