«ይለመዳል» ተብዬ ስለተመለስኩባት መኪና የቀረበ ቅሬታ

ለመኪና ሻጩ ድርጅት የደንበኞች አገልግሎት ክፍል
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ከእናንተ የገዛኋትን አነስተኛ የኤሌክትሪክ መኪና ይመለከታል

ጤና ይስጥልኝ።

መኪናዋን ከእናንተ ዘንድ ይዤ የወጣሁት ጥር ላይ ነው። አሁን ሰባተኛ ወሯን ይዛለች። በእነዚህ ወራት አራት ጊዜ ደውያለሁ፣ ሁለት ጊዜ ፈቃድ ወስጄ በአካል መጥቻለሁ። ያገኘሁት መልስ ሁልጊዜ አንድ ነው። «ይለመዳል እህቴ።» ስለዚህ በጽሑፍ ይሁን ብዬ ዛሬ ተቀመጥኩ።

በመጀመሪያ እውነቱን ልናገር። መኪናዋን እወዳታለሁ። ከአያት ሜክሲኮ ስመላለስ የነዳጅ ሰልፍ አያሳስበኝም። ዳገት ላይ አታቃስትም። ልጆቼን ትምህርት ቤት አድርሼ በሰዓቴ ሥራ እገባለሁ። ገንዘቤን መልሱልኝ ለማለት አይደለም የምጽፈው። አቅሜ የፈቀደውን ርካሽ መኪና እንደገዛሁም አውቃለሁ። የቆዳ ወንበር አልጠበቅኩም። የጠበቅኩት፣ የምገዛውን ነገር ከመግዛቴ በፊት እንድትነግሩኝ ነው።

ከሁሉ በላይ ያስቸገረኝ ቋንቋው ነው። ስክሪኑ ላይ ያለው ሁሉ በቻይንኛ ነው። የምትናገረውም በቻይንኛ ነው። ስገዛ የሽያጭ ሠራተኛችሁ «በሳምንት ውስጥ እንግሊዝኛ እንጭንልዎታለን» ብሎኝ ነበር። ሳምንቱ ወር ሆነ። በኋላ ባለሙያው «ይሄ ሞዴል አይቀበልም፤ ምልክቶቹን ይልመዷቸው» አለኝ። እሺ ብዬ ለመድኩ። የአየር ማቀዝቀዣው የት እንዳለ፣ ሬዲዮው የት እንዳለ በቦታቸው አወቅኳቸው። ማስጠንቀቂያ ግን እንዴት ይለመዳል? አንዱ ከሌላው ይለያል እኮ።

ሐምሌ ውስጥ አንድ ቀን ማታ 2 ሰዓት ገደማ እናቴን ከለቅሶ ቤት ይዣት እየመጣሁ ነበር። ዝናቡ ዶፍ ነው። መገናኛን አልፌ ወደ ጉርድ ሾላ ስቃረብ መኪናዋ ጮኸች። ቢጫ መብራት በራ፤ ከሥሩ አንድ መስመር ጽሑፍ መጣ። ከመኪናዋ ውስጥ የምትናገረው የሴት ድምፅም ደጋግማ መናገር ጀመረች። እናቴ ከኋላ ሆና «ምን እያለችሽ ነው ልጄ?» አለችኝ። የምመልሰው አልነበረኝም። ባትሪው ይሁን፣ ፍሬኑ ይሁን፣ በር ይሁን አላወቅኩም። ዳር ይዤ ቆምኩና ስክሪኑን በስልኬ ፎቶ አንስቼ አስተረጎምኩት። የኋላ ቀኝ ጎማ ንፋስ ጎድሏል ይላል። ወርጄ ሳየው ጎማው ቸርኬው ላይ ተኝቷል። ጎኑ በብረት ተሰንጥቋል።

የኋላውን በር ከፍቼ ምንጣፉን አነሳሁ። ስኮርታ የለም። ክሪክም የለም። ያለው አንድ ጠርሙስ ፈሳሽና ትንሽ የንፋስ መሙያ ነው፤ የጠርሙሱ ላይ ጽሑፍም ቻይንኛ ነው። ከአካባቢው ያገኘሁት ጎሚስታ ጣቱን ስንጥቁ ውስጥ ከቶ አሳየኝ። «እህቴ፣ ይሄ ፈሳሽ የሚይዘው ሚስማር የበሳውን ነው። ጎኑ የተቀደደ ጎማ አይያዝም፤ ስኮርታ አምጪ» አለኝ። ከየት ላምጣ? በመጨረሻ የሚጭን መኪና ተጠርቶ ቤታችን ስንደርስ ከምሽቱ 5 ሰዓት ሆኗል። እናቴ ነጠላዋ ርሶ እየተንቀጠቀጠች ነበር። ዕድሜዋ 74 ነው። የጎማውን ልክ እናንተ ጋ አጥቼ ዘጠኝ ቀን መኪናዋ ቆመች።

መኪናው ቀላል እንዲሆንና ዋጋው እንዲወርድ ብዙ ፋብሪካዎች ስኮርታ እንደተዉ ከዚያ ወዲህ አንብቤያለሁ። ይሁን። ግን ስትሸጡልኝ «ስኮርታ የላትም» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ብትነግሩኝ በራሴ ገንዘብ ገዝቼ እጭን ነበር።

ሁለተኛው የትንሿ ባትሪ ጉዳይ ነው። ለፋሲካ ዘመድ ጥየቃ በአውሮፕላን ሄደን ስንመለስ መኪናዋ ሞታ ጠበቀችን። በሪሞት አትከፈትም፣ አትነሳም። ከመሄዴ በፊት ከ80 በመቶ በላይ ቻርጅ ነበራት። ስደውል ስልክ ያነሳው ልጅ «ቻርጅ ያድርጓት» አለኝ። በሩ ሳይከፈት እንዴት አድርጌ? የሠፈራችን ኤሌትራውቶ ነው ነገሩን ያስረዳኝ። ለካ በሩን፣ ኮምፒዩተሩንና መብራቱን የሚያሠራው ትልቁ ባትሪ ሳይሆን እንደ ማንኛውም መኪና ባለ 12 ቮልት ትንሽ ባትሪ ነው። እሱ ካለቀ ትልቁ ሙሉ ቢሆንም መኪናው አይነሳም። ሪሞቱ ሆድ ውስጥ የተደበቀ ቁልፍ መኖሩንም ያሳየኝ እሱ ነው። ሦስት ወር ሙሉ በኪሴ ይዤው ስዞር አላወቅኩም ነበር። መመሪያው መጽሐፍ ላይ ይኖር ይሆናል፤ መጽሐፉ ግን እንደ ስክሪኑ ነው።

የርቀቱን ነገርም ላንሳ። ወረቀታችሁ ላይ አንድ ጊዜ ሞልታ 305 ኪሎሜትር ትሄዳለች ይላል። ይህን አምኜ 130 ኪሎሜትር ገደማ ወደሚርቀው ደብረ ብርሃን ወጣሁ። ደርሶ መልስ 260 ነው፣ ይተርፋል ብዬ ነበር። ደብረ ብርሃን ስገባ የቀረኝ 38 በመቶ ብቻ ነው። አዳሬ አክስቴ ቤት ሆነ፤ ሌሊቱን ሙሉ ቻርጅ አድርጌ ጠዋት ተመለስኩ። ያ 305 የሚባለው ቁጥር ሲኤልቲሲ በሚባል የቻይና ፍተሻ የወጣ እንደሆነ የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። የፍተሻው አማካይ ፍጥነት በሰዓት 30 ኪሎሜትር አይሞላም። የደብረ ብርሃንን ዳገት በ80 የሚወጣ ሰው ያንን ቁጥር አያገኘውም። እኔ ከተማ ውስጥ የማገኘው 220 ገደማ ነው። 220 ብትሉኝም እገዛት ነበር። አክስቴን ግን ሳልነግራት ሄጄ አላስቸግራትም ነበር።

ቤት ወስጄ መጀመሪያ የሰካኋት ቀን ቻርጀሩ ቀይ አብርቶ እምቢ ማለቱንም ልጨምር። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ አምጥቼ ሲያየው ቤቱ የመሬት ሽቦ የለውም። ግቢ ውስጥ የመዳብ ዘንግ ተቀብሮ፣ ሽቦ ተዘርግቶ ነው የሠራው። የመሬት ሽቦ የሌለው ቤት በከተማችን ብዙ ነው። ይህን ገዢውን መጠየቅ የሻጭ ሥራ አይደለም?

የቀሩት ትናንሽ ናቸው። ሰዓቷ የቤጂንግ ነው፤ ከእኛ በ5 ሰዓት ይቀድማል፣ ባስተካክለውም ኔትወርክ ሲያገኝ ተመልሶ ይሄዳል። በዚህ የተነሳ «ሌሊት ቻርጅ አድርጊ» ብዬ የሞላሁት ሰዓት ይዛባል። ከዝናብ በኋላ የኋላው በር ሲከፈት ጣራው ላይ የተጠራቀመው ውሃ እንዳለ ዕቃው ላይ ይፈሳል። የጋቢናው በር ፕላስቲክ ኮብልስቶን ላይ ቀጭ ቀጭ ይላል። ሶፍት አጥፌ ወሽቄበት ዝም ብሏል፤ አዲስ መኪና ግን በሶፍት መያዝ አልነበረበትም።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ አዲስ መኪና የሚገዛ ሰው ምርጫው ጠቧል። አብዛኞቻችን ኤሌክትሪክ መኪና ስንይዝ የመጀመሪያችን ነው። የምናውቀው እናንተ የነገራችሁንን ብቻ ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006ም ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። መብቴን ይዤ ከእናንተ ጋር መካሰስ አልፈልግም። ቢሯችሁ ከሥራ ቦታዬ ሩቅ አይደለም፤ ተነጋግረን መጨረስ እንችላለን።

የምጠይቀው ይህን ነው። የስክሪኑን ቋንቋ ቀይሩልኝ። የማይቀየር ከሆነ የማስጠንቀቂያዎቹን ሁሉ ሥዕልና ትርጉም በአማርኛ አዘጋጅታችሁ ስጡኝ፤ መኪናው ውስጥ አስቀምጠዋለሁ። ቃል የተገባልኝ ስለነበር ይህን በነፃ እጠብቃለሁ። ልኳ የሆነ ስኮርታ ከነክሪኩ በመግዣ ዋጋችሁ አቅርቡልኝ። የጋቢናውን በርና የኋላውን በር ጎማ በዋስትናው መሠረት እዩልኝ። ዋስትናዬ ገና አላለፈም። ሥራ ስለማልቀር ቅዳሜ ጠዋት ቀጠሮ ብትይዙልኝ ይመቸኛል።

ደግሞ አንድ ነገር። ከእኔ በኋላ ለሚገዛው ሰው ቁልፉን ስታስረክቡ ግማሽ ሰዓት ስጡት። የኋላውን ምንጣፍ አንስታችሁ ስኮርታ እንደሌለ አሳዩት። ሪሞቱን ከፍታችሁ ቁልፉን አውጡለት።

መልሳችሁን በጽሑፍ እጠብቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር
ደንበኛችሁ

አባሪ፦ የግዢ ደረሰኝና የዋስትና ወረቀት ቅጂ፣ የስክሪኑ ፎቶዎች፣ የተቀደደው ጎማ ፎቶ