ለልጄ፦ ሥዕሉ ቀላሉ ነው

ልጄ፣

የወርክፍሎው ሲስተም፣ ማለትም አንድን ሥራ ከደረጃ ወደ ደረጃ የሚመራ ሶፍትዌር፣ አርክቴክት (ነዳፊ) መሆን ካማረሽ፣ ከሚያስቸግረው ልጀምርልሽ። የሂደቱን ሥዕል፣ ሣጥንና ቀስቱን፣ መሳል በጥቂት ሳምንት ይለመዳል። ደሞዙ የሚከፈለው፣ ሥራው መሀል ላይ ሲቆም ምን እንደሚሆን አስቀድሞ ለሚያውቅ ሰው ነው።

የባንክ ብድርን ውሰጂ። ማመልከቻ ይገባል፣ ዋስትናው ይገመታል፣ ኃላፊው ያጸድቃል፣ ገንዘቡ ይለቀቃል። የክፍያው ትእዛዝ ተልኮ መልሱ ከዘገየ ኢንጂኑ፣ ማለትም ሂደቱን የሚያስኬደው ሶፍትዌር፣ «አልተሳካም» ብሎ ደግሞ ይልካል፤ ካሙንዳ 7 የሚባለው ኢንጂን ቅንብሩን ካልነካሽው እስከ 3 ጊዜ ይሞክራል። ገንዘቡ በመጀመሪያው ወጥቶ ከነበረ ደንበኛው ሁለቴ ተከፈለው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ክፍያ መለያ ቁጥር ስጪ፤ ተቀባዩ ሲስተምም ያየውን ቁጥር ዳግም እንዳይከፍል ይደረግ። ቁጥሩ ከብድሩና ከክፍያው ዙር ይውጣ እንጂ በየሙከራው አዲስ አይፈጠር፤ ጎበዝ የሚባሉትም የሚስቱት እዚህ ጋ ነው።

ሌላው አደጋ ምንም ስህተት ሳይታይ ይመጣል። እዚያው ካሙንዳ 7 ላይ አንድ ሥራ ሌላ ሰርቨር እንዳይነካው የሚቆለፈው፣ ካልቀየርሽው፣ ለ5 ደቂቃ ነው። ከዚያ ካለፈ ሌላ ሰርቨር «ባለቤት የለውም» ብሎ ያንኑ ሥራ ይጀምረዋል። የመቆለፊያውን ጊዜ ማርዘም ችግሩን ያዘገየዋል እንጂ አይፈታውም። ረጅሙን ሥራ ከኢንጂኑ አውጪው፤ ኢንጂኑ መልሱን ብቻ ይጠብቅ።

ሥዕሉ ላይም መንገዱን «አንዱ ብቻ ይሂድ» ብለሽ ከፍለሽ «ሁሉም ይድረሱ» በሚል መገናኛ ከዘጋሽው፣ የማይመጣውን መንገድ ሲጠብቅ ማመልከቻው ቆሞ ይቀራል። በተቃራኒው «ሁሉም ይሂዱ» ብለሽ ከፍለሽ «አንዱ ይበቃል» በሚል ከዘጋሽው ደግሞ ቀጣዩን ሥራ ሁለቴ ያስነሳል። ስካን የተደረገ ሰነድም ሂደቱ ውስጥ አታስገቢ፤ ፋይሉ ሌላ ቦታ ይቀመጥና አድራሻው ብቻ ይያዝ። ቴምፖራል በሚባለው ሌላ ኢንጂን ላይ የአንድ ሂደት ታሪክ 51,200 ክስተት ወይም 50 ሜጋባይት ካለፈ ሂደቱ ይቋረጣል።

አርክቴክት የሚለው ማዕረግ አያስቸኩልሽ። ሁለት ሦስት ዓመት ጃቫ (የፕሮግራም ቋንቋ)፣ ኤስኪውኤል (የዳታቤዝ መጠየቂያ ቋንቋ) እና የዳታቤዝ ትራንዛክሽን (ወይ ሙሉ በሙሉ የሚጸና ወይ ሙሉ በሙሉ የሚሰረዝ ለውጥ) ላይ ሥሪ። ሌሊት የወደቀ ሲስተም የሚያነሳው ቡድን ውስጥም ግቢ፤ ብዙዎች ይሸሹታል፣ ከሥዕል የማይታየው ግን የሚታየው እዚያ ነው። ብድር ክፍል ሄደሽም ማን ፋይል እንደሚይዝ፣ እሱ ፈቃድ ሲወጣ ማን እንደሚተካው ጠይቂ። መመሪያው ላይ የተጻፈውና የሚሠራው አንድ አይደለም።

በአንድ ምርት ስም ብቻ አትታወቂ። ካሙንዳ በ2013፣ ፍሎዌብል በ2016 እ.ኤ.አ. አክቲቪቲ ከሚባል ኢንጂን ተገንጥለው የወጡ ናቸው፤ ነገም ሌላ ይገነጠላል። አንዱን በደንብ ካወቅሽ በኋላ ሁለተኛውን ለማነጻጸሪያ ልመጂ።

ለሥራ ቃለ መጠይቅ ስትቀርቢ አንቺም ጠይቂ፦ «ሂደቱን ስትቀይሩ መሀል መንገድ ላይ ያሉትን ማመልከቻዎች ምን ታደርጋላችሁ?» «በጀመሩበት ቨርዥን ይጨርሳሉ» ካሉ፣ ዛሬ ስንት ቨርዥን በሥራ ላይ እንዳለ ጠይቂያቸው። እርስ በርስ ከተያዩ ደሞዙን ከፍ አድርገሽ ጥሪ።