አስታማሚውን ማን ቆጠረው?

ክቡር አዘጋጅ፣

ጋዜጣችሁን ለብዙ ዓመታት የተከታተልሁ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ነኝ። የትራፊክ አደጋ ዜና ባተማችሁ ቁጥር ዐይኔ የሚያርፈው በሟቾቹ ቁጥር ላይ ሳይሆን ከእርሱ ቀጥሎ በሚመጣው አጭር ዐረፍተ ነገር ላይ ነው፤ «በሌሎች ላይ ከባድ የአካል ጉዳት ደርሷል» ይልና ዜናው እዚያው ላይ ያበቃል። በ2011 ዓ.ም. እኔም ከእነዚያ «ሌሎች» አንዱ ስለነበርሁ፣ ከዚያ ዐረፍተ ነገር በኋላ ምን እንደሚመጣ፣ በተለይም የተጎዳውን ሰው ማን እንደሚያነሣውና ማን እንደሚያገላብጠው ልጽፍላችሁ ካሰብሁ ቆይቻለሁ።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት በመንገድ አደጋ በየዓመቱ 1.19 ሚሊዮን ገደማ ሰው እንደሚሞት ገልጿል፤ ቆስለው የሚተርፉትን ደግሞ ድርጅቱ ከ20 እስከ 50 ሚሊዮን ያደርሳቸዋል። ትንሹን ቁጥር እንኳ ብንወስድ አንድ ሰው በሞተ ቁጥር ከአሥራ ስድስት የማያንሱ ሰዎች ቆስለው ይተርፋሉ ማለት ነው። በእኛ አገር እነዚህ ሰዎች የሚወድቁት በሚስት፣ በእናትና በወንድም እጅ ነው።

ስለ አደጋው ራሱ ብዙ አልጽፍም። ዐቢይ ጾም ሊገባ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ ቅበላን ደጀን እህቴ ዘንድ አሳልፌ ወደ ደብረ ማርቆስ ስመለስ፣ የተሳፈርሁበት ሚኒባስ ሉማሜን አለፍ ብሎ ተገለበጠ። መሽቶ ነበር፤ ከብቶች መንገዱን ያቋርጡ ነበር፤ ሹፌሩ ይፈጥን ነበር፤ ትርፍ ሰውም በመቀመጫዎቹ መካከል በበርጩማ ተደርድሮ ነበር። በርጩማዎቹን አይቼ ዝም ብዬ የተሳፈርሁ ሰው ነኝና ጣቴን በሹፌሩ ላይ ብቻ መቀሰር አይሆንልኝም። የአካባቢው ገበሬዎች በጋቢ አድርገው አወጡን፤ ሐኪም ቤት ስደርስም የግራ ጭን አጥንቴ ለሁለት መሰበሩ ተነገረኝ። ከጉልበቴ በታች ባለው አጥንት ሽቦ አሳልፈው፣ ከአልጋው ግርጌ በገመድ ክብደት አንጠለጠሉበት፤ ለቀዶ ጥገና ወደ ባሕር ዳር እስክላክ ድረስ አምስት ሳምንት በጀርባዬ ተኛሁ።

በዚያ ጊዜ ይሠራበት የነበረው የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799/2005 በተሽከርካሪ አደጋ የተጎዳ ማንኛውም ሰው እስከ 2000 ብር የሚደርስ የአስቸኳይ ሕክምና በነፃ እንዲያገኝ ይደነግግ ነበር። ይህን ያወቅነው ባለቤቴ የሱቋን ዕቃ መግዣ ገንዘብ ለመጀመሪያው ሌሊት መድኃኒት ከከፈለች በኋላ ነው። መምህር ሆኜ አለማወቄ እስካሁን ያሳፍረኛል፤ ያልተማረው ገበሬ እንዴት ሊያውቅ እንደሚችል ግን የሚመለከታቸው ሰዎች ቢያስቡበት ደግ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልምጣ። በሐኪም ቤቶቻችን ነርስ መርፌ ይወጋል፣ ቁስል ይጠርጋል፤ በሽተኛውን የሚያጥበው፣ የሚያጎርሰው፣ ፖፖ የሚያቀርብለት፣ ወደ ላቦራቶሪና ወደ መድኃኒት ቤት የሚሮጠው፣ ሌሊት ሲያቃስት የሚነቃው ግን አስታማሚ ነው። ሐኪሙም ነርሷም ይህን ያውቃሉ፤ ሥራቸውም የሚሄደው አስታማሚ አለ ብለው ነው። ነገር ግን አምስት ሳምንት ሙሉ በአልጋዬ ሥር ሰሌን አንጥፋ የተኛችውን ባለቤቴን «እንዲህ አድርገሽ አንሺው፣ ይህን ካየሽ ጥሪን» ብሎ ያስተማራት የሐኪም ቤቱ ባለሙያ አልነበረም።

ያስተማሯት በአጠገቤ አልጋ የተኛው የ14 ዓመት ልጅ እናት ናቸው። ከወደ ብቸና የመጡ ሙስሊም ሴት ነበሩ። በሦስተኛው ቀን ይመስለኛል፣ ባለቤቴ ብርድ ልብሱን ስታስተካክል ተረከዜ ቀልቶ አዩና ተነሡ። ከነርሷ አንድ የእጅ ጓንት ለምነው ውሃ ሞሉበት፣ አፉን እንደ ፊኛ ቋጥረው ከተረከዜ ሥር አስገቡት። «እጅሽን በወገቡ ሥር እየሰደድሽ እይ፤ ርጥበት ካለ አድርቂ፣ አንሶላው ከተጨማደደ አቃኚ። በየሁለት ሰዓቱ የአልጋውን ብረት ይዞ ወገቡን ያንሣ። የአልጋ ቁስል ከስብራቱ ይብሳል፣ ልጄ» አሏት። ያ በውሃ የተሞላ ጓንት ሲሞቅ እየቀየሩት፣ ሲፈስ ሌላ እየለመኑ እስከ መጨረሻው ከእግሬ ሥር አልተለየም።

የእኚሁ ሴት ውለታ በዚህ አላበቃም። በሁለተኛው ሳምንት አጎቴ ከአገር ቤት መጡ። ስሙ የተጠራ ወጌሻ አነጋግረው፣ መኪና ተከራይተው፣ ሊወስዱኝ ነበር የመጡት። «እነዚህ ሰዎች ብረት ይከታሉ እንጂ አጥንት አይጠግኑም፤ ወንድ ልጅ ብረት ተሸክሞ እንዴት ያርሳል?» አሉ፤ እኔ አርሼ እንደማላውቅ ረስተውት ነው። ባለቤቴ አለቀሰች፤ እናቴም ወደ ወንድሟ ሐሳብ ማዘንበል ጀምራ ነበር። ያን ጊዜ ሴትዮዋ አንዲት ቃል ሳይናገሩ የልጃቸውን ብርድ ልብስ ገለጡት። ከጉልበቱ በታች እግር አልነበረውም። ከዛፍ ወድቆ ተሰብሮ፣ በቀርከሃ ጠብቆ ታስሮ፣ ጣቶቼ ደነዘዙ ብሎ ሲያለቅስ «መዳኑ ነው» ተብሎ፣ በአምስተኛው ቀን ጣቶቹ ጠቁረው ነበር ወደ ሐኪም ቤት የመጣው። «ወንድሜ፣ እኔም እንደ እርስዎ አዝኜለት ነው የወሰድሁት» አሏቸው። አጎቴ ከአልጋዬ ጫፍ ተቀመጡ፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላም ወጥተው መኪናውን ግማሽ ዋጋ ከፍለው አሰናበቱት።

ወጌሻን ሁሉ ለመውቀስ አይደለም ይህን የምጽፈው። ወለምታ ያሸ፣ የወለቀ ትከሻ የመለሰ ሰው በየመንደራችን አለ፤ እኔም ልጅ ሳለሁ ታሽቼ ድኛለሁ። የተሰበረ አጥንት ሲታሰር ግን አካሉ ያብጣል፤ እብጠቱን የማያስተናግድ ጠባብ እሥራት ደም እንዳያልፍ ያግዳል፤ ደም ያላገኘ ሥጋም በሰዓታት ውስጥ መሞት ይጀምራል። የጣት መደንዘዝ፣ መቀዝቀዝና መጥቆር እሥራቱ አሁኑኑ ይፈታ የሚል ምልክት መሆኑን አስታማሚው ቢያውቅ ያ ልጅ ዛሬ በሁለት እግሩ ይቆም ይሆናል። ይህ እውቀት አንድ ብር አያስወጣም።

ስለ እምነትም ልጻፍ፤ ምክንያቱም በዚህ ረገድ ሁለት ዓይነት ሰዎች ያስቸግሩናል። አንደኞቹ ጸበል የያዘ ሰው መድኃኒት እንዲጥል ይመክራሉ፤ ሁለተኞቹ ደግሞ በአልጋ አጠገብ ዳዊት የሚደግም ሰው ባዩ ቁጥር ኋላ ቀርነት ነው ይላሉ። እኔ ያየሁት ከሁለቱም አይደለም።

ጾሙ ሲገባ ሐኪሙ አጥንት እንዲገጥም እንቁላልና ወተት ይሰጠው ብሎ አዘዘ። እናቴ በዘመኗ በዐቢይ ጾም እንቁላል ነክታ አታውቅም። የንስሐ አባታችን ሊጠይቁኝ በመጡ ጊዜ ነገሩን ስታማክራቸው የበሽተኛ ጾም ሕመሙ እንደሆነ ነገሯት፤ እርሷም ተቀበለች፤ እምቢ ያልሁት እኔ ነበርሁ። «አንተ ብላልኝ፤ እኔ እጾምልሃለሁ» አለችኝ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮም ዘጠኝ ሰዓት ላይ እህል መቅመሱን ትታ እስከ ማታ ትቆይ ጀመር። ያላት አንዲት ድስት የጾም ድስት ስለሆነች እንቁላሉን የሚቀቅሉልን እኚያው የብቸናዋ ሴት ነበሩ። ልጣጩን ግን እናቴ ራሷ ትልጠው ነበር፤ ከዚያ ጣቶቿን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ ፊቷን ወደ መስኮቱ ታዞራለች።

መጋቢት ሲያልቅ ወደ ባሕር ዳር ተላክሁ። 265 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነውን መንገድ በአምቡላንስ መሄድ ምን እንደሚመስል የሚያውቀው ጭኑ የተሰበረ ሰው ነው፤ ከእርሱ በቀር የመንገዱን ጉድጓድ ሁሉ የቆጠረ አይኖርም። ብረቱ ገብቶልኝ ተመለስሁና ትንሣኤን ቤቴ ዋልሁ። እናቴ በማግስቱ ጸበል ካልተጠመቀ አለች። ቁስሉ ገና አልደረቀም ነበር። የንስሐ አባታችን መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38ን አውጥተው፣ ሐኪምን የፈጠረው እግዚአብሔር ስለሆነ ሐኪሙን ማክበር እንደሚገባ የሚናገረውን አነበቡላት፤ ስፌቱ ተፈትቶ ቁስሉ እስኪደርቅ ጸበሉን እንድጠጣ፣ ፊቴንም እንድረጭ ብቻ ፈቀዱ። በየጸበሉ ቦታ እንዲህ ያለ ካህን ቢኖር ስንት ቁስል ሳያመረቅዝ ይድን ነበር እላለሁ።

ከሁሉ የከበደው ግን ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ጠያቂው ቀነሰ፤ ጉልበቴ እንደ ግንድ ደርቆ አልታጠፍ አለ። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው ጠዋትና ማታ አርባ አርባ ጊዜ እንዳጥፈውና እንድዘረጋው አዝዞኝ ነበር፤ አሥር ላይ ስደርስ ላቤ ይመጣል፣ አሥራ አምስት ላይ እተወዋለሁ። እናቴ ይህን ስታይ መቁጠሪያዋን ይዛ ከአልጋዬ አጠገብ ተቀመጠች። «አርባ ምን ቁጥር ነው? አርባ አንድ ይሁን» አለችና ኪርያላይሶን ማለት ጀመረች። በእያንዳንዱ ኪርያላይሶን አንድ ጊዜ አጥፋለሁ፣ ባለቤቴ ቁርጭምጭሚቴን ደግፋ ትመልሰዋለች። እናቴ ጸሎቱን መሐል ላይ ማቋረጥ አትችልም፤ እኔም እርሷን ማቋረጥ አልችልም። በዚህ ሁኔታ አራት ወር አለፈ። ባለሙያው ጉልበቴን ለክቶ ሲደነቅ ምን እንዳደረግሁ ጠየቀኝ፤ ስነግረው ሳቀና «ሌሎች ታካሚዎቼንም በቁጥር ሳይሆን በጸሎት ልዘዛቸው እንዴ?» አለኝ።

ይህ ሁሉ በነፃ የተደረገ እንዳይመስልባችሁ። የባለቤቴ ሱቅ ከሁለት ወር በላይ ተዘግቶ ደንበኛ አጣ። ታናሽ ወንድሜ እኔን ሊያመላልስ የእርሻውን ወቅት ጥሎ መጣ፤ መሬቱ ጦም እንዳያድር የመንደሩ ሰው በደቦ አረሰለት እንጂ ዓመቱን ተርቦ ነበር። ዕድራችንም አለ፤ ሃያ ዓመት ሙሉ መዋጮ የከፈልሁበት ነው። ባለቤቴ ሄዳ ብትጠይቅ ደንቡ ተነበበላት፤ ለሞተ እንጂ ለተሰበረ አይከፍልም። ሞቼ ቢሆን ድንኳኑም ብሩም በዚያው ቀን ይደርስ ነበር፤ አለመሞቴ ቤተሰቤን አከሰረ ብዬ የዕድሩን ዳኛ ቀልጄባቸዋለሁ። እርሳቸው ግን አልሳቁም፤ ከኪሳቸው አበደሩን።

ስለዚህ ጋዜጣችሁን የምለምነው አደጋ በዘገባችሁ ቁጥር ከጥቂት ወራት በኋላ ወደ አንድ ቤት ተመልሳችሁ የተጎዳውንም ያስታመመውንም እንድታነጋግሩ ነው። ሐኪም ቤቶችንም የምለምነው ነገር ቀላል ነው፤ ስብራት ያለበት በሽተኛ አልጋ በያዘ ዕለት አስታማሚውን ለግማሽ ሰዓት ጠርተው ተረከዝንና ወገብን እንዴት እንደሚጠብቅ፣ የጣት ቀለም ምን እንደሚናገር፣ በሽተኛው ክራንች ሲይዝ በየትኛው ወገን ቆሞ እንደሚደግፈው ያሳዩት። ባለቤቴን የብቸናዋ ሴት ባያጋጥሟት ኖሮ ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ተቀምጬ መሆኑን እጠራጠራለሁ።

እናቴ ስለ እኔ ለደብረ ወርቅ ማርያም ጃንጥላ ተስላ ነበርና ጥር 21 ቀን 2012 ዓ.ም. በክራንች ሄጄ አገባሁላት። ዛሬ ክራንቹን ትቻለሁ፤ የግራ እግሬ በጥቂቱ ስላጠረ ጫማ ሰፊው ከሶሉ ላይ አንድ ንጣፍ ይጨምርልኛል፣ ክረምት ሲመጣም ብረቱ የገባበት ይቆረጥመኛል። የልጁን እናት ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ብቸና ሄጄ ጠይቄያቸዋለሁ።

የዕድራችን አባላት በሚቀጥለው ወር ሲሰበሰቡ በደንቡ ላይ አንዲት አንቀጽ እንድትጨመር አሳስባለሁ፤ በአደጋ ምክንያት ከአንድ ወር በላይ አልጋ የያዘ አባል ሲኖር አባላቱ በሳምንት ሁለት ሁለት ሆነው በተራ ሌሊት እንዲያስታምሙ፣ ቤተሰቡም በዚያ ሌሊት ቤቱ ገብቶ እንዲተኛ የምትል ናት። ረቂቋን ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤ ልኬላችኋለሁ፤ ሌላ ዕድር ሊጠቀምባት ቢፈልግ አትሙለት።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢያችሁ
ደብረ ማርቆስ