መነጽሩ ይቆየን

ይድረስ ለውድ አባቴ፣ ቡራዩ

አባባ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

ለትዕግሥት ሁለተኛ መነጽር ሊያሠሩላት እንደሆነ እማዬ ነገረችኝ። እባክዎ፣ እርሱ ይቆየን። እሑድ በስልክ ስንተያይ ልብ ብዬ አይቻታለሁ። ከዓይኗ ጥቁር በላይ ያለው ነጭ ወለል ብሎ ይታያል፤ አንድ ነገር ያስደነገጣት ትመስላለች። ቡና ስትቀዳ የጀበናው አፍ ከሲኒው ጋር እየተጋጨ ይንቀጫቀጭ ነበር። እናንተ ጋቢ ደርባችሁ እርሷ በስስ ቀሚስ ተቀምጣለች፤ የቡራዩን ብርድ መቼም አልረሳሁትም። ከሁላችንም በላይ ትበላለች ትላላችሁ፤ ታዲያ ለምን ከሳች?

ነገሩ ከአንገቷ ሳይሆን አይቀርም። ከማንቁርት ዝቅ ብሎ ያለው ታይሮይድ የሚባለው እጢ ሆርሞን ሲያበዛ ልብ ይመታል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ሙቀት አይቻልም። እጢውን የሚቀሰቅሰው የሰውነት መከላከያው ራሱ ነው፤ ያው መከላከያ ከዓይን ጀርባ ያለውን ጡንቻና ስብ ያሳብጥና ዓይንን ወደ ፊት ይገፋዋል። «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» ሲባል እንሰማለን፤ የእርሷ ግን እንቅርቱ ሳይታይ ዓይኗ ቀደመ። እኔ እዚህ ክኒን የምውጥበት፣ እናንተ «የልብ ድካም» የምትሉት ሕመም ይኸው ነው፤ በቤተሰብ ውስጥ ይደጋገማል። የጀርመን ሐኪሞች ባዜዶ፣ የእኛዎቹ ግሬቭስ ይሉታል።

ስለዚህ መጀመሪያ የውስጥ ደዌ ሐኪም ዘንድ ትቅረብና ቲኤስኤች እና ቲ4 የሚባሉት የደም ምርመራዎች ይታዘዙላት። ዓይኗን ደግሞ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ይዩላት። ቀለም ከፈዘዘባት፣ በተለይ ቀዩ፣ ወይም ማየቷ ከቀነሰ ግን ተራ አይጠበቅም፤ የዓይን ነርቭ ሊጎዳ ስለሚችል በዚያው ቀን ትሂድ። ክኒን ከጀመረች በኋላ ትኩሳትና የጉሮሮ ሕመም ቢይዛት ጉንፋን ነው ብላችሁ አትተዉት፤ መድኃኒቱ አልፎ አልፎ ነጭ የደም ሕዋስን ስለሚያሳንስ ወዲያው ደሟ ይታይ።

ጎረቤት ቡዳ ነው ማለቱን ሰምቻለሁ። ጠበሉን አትተው፤ «ክኒኑን ጣይ» የሚላትን ግን አትስማ። አዮዲን ያለበትን ጨው አብዝታ እንድትበላ የመከሯትም አልበጇትም፤ አዮዲን የሚያድነው የአዮዲን እጥረትን ነው። ዳዊትም ሲጋራውን ከቤት ያርቅልን፤ ትንባሆ ይህን የዓይን ሕመም ያባብሳል።

ገንዘቡን ዛሬ በባንክ ልኬአለሁ፤ ለምርመራው ብቻ ይሁን። ውጤቱ ሲመጣ ዳዊት ወረቀቱን ፎቶ አንሥቶ ይላክልኝ።

ናፋቂ ልጅዎ፣ ከሽቱትጋርት