ለመንዝ አንዲት የደም መርጋት መለኪያ ማሽን እንግዛ

እህቴ ቡና እየቀዳች ነበር። ሲኒው ከቀኝ እጇ አምልጦ ወደቀ። «ምን ሆንሽ?» ስንላት አፏ ወደ አንድ ጎን ተጣሞ ቃል ማውጣት አቃታት። እኛ ደግሞ «ምች ነው» ብለን ዳማ ከሴ ጨመቅንላት። እስኪሻላት ስንጠብቅ መሸ። ስትሮክ መሆኑን ያወቅነው በማግስቱ ነው። ያቺ የባከነች ቀን እስከ ዛሬ ታንገበግበኛለች። ወገኖቼ፣ አፍ ሲጣመም፣ አንድ እጅ ሲዝል፣ ምላስ ሲተሳሰር ምች ነው ብላችሁ አትቀመጡ። ሆስፒታል ውሰዱ።

ገና 34 ዓመቷ ነው። ግፊት የለባትም፣ ስኳር የለባትም። ነገሩ የተገኘው ልቧ በኢኮ፣ ማለትም በልብ አልትራሳውንድ፣ ሲታይ ነው።

ሐኪሙ እንዲህ አስረዳን። ልጅ በማህፀን ሳለ የልቡ ጡንቻ መጀመሪያ እንደ ስፖንጅ የተቦረቦረ ነው። እያደረ ይጠብቅና ጠጣር ግድግዳ ይሆናል። የእህቴ ልብ የግራው ክፍል ሳይጠብቅ ቀርቷል። በቦርቧራው ውስጥ ደም ይተኛል፤ የተኛ ደም ይረጋል። ከረጋው ቁራጭ ተነሥቶ አንጎል ከደረሰ የደም ሥሩን ይደፍናል።

ሕመሙ ብዙ ሰው ላይ አይገኝም። ግን በዘር ይወርዳል። በብዛት በሚታየው አወራረስ፣ ወላጅ ካለበት እያንዳንዱ ልጅ የመውረስ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። ስለዚህ እህት ወንድምና ልጅ፣ ምንም ባይሰማቸውም፣ በኢኮ መታየት አለባቸው። የእህቴ ሁለት ልጆች ገና አልታዩም።

አሁን ዋርፋሪን የሚባል ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት ትወስዳለች። ይህ መድኃኒት ልኬት ይፈልጋል። አይኤንአር የሚሉት፣ ደም ለመርጋት የሚፈጅበትን ጊዜ የሚያሳይ ቁጥር፣ ለእሷ ከ2 እስከ 3 መሆን አለበት። ከወረደ ደሙ ይረጋል፤ በጣም ከወጣ ይደማል። ጎመን እንኳ ያዛባዋል፤ ቫይታሚን ኬ አለበትና። በዐቢይ ጾም ጎመን ስታበዛ ቁጥሯ ወረደ። አትብይ አልተባለችም፤ መጠኑ አይዋዥቅ ነው የተባለችው። ለዚች አንድ ቁጥር በየጊዜው ጎህ ሳይቀድ ተነሥታ፣ ያንን ብርድ ችላ፣ ደብረ ብርሃን ትመላለሳለች። የቀኝ እግሯ ገና ስለሚጎተት አውቶቡስ ላይ የምናወጣት ደግፈን ነው።

ከጣት ጫፍ በምትወሰድ ጠብታ ደም እዚያው ባሉበት፣ በደቂቃ ውስጥ ይህን ቁጥር የሚለካ ትንሽ ማሽን አለ። እድራችን ማሽኑን ገዝቶ ለጤና ጣቢያው ሊሰጥ ተነሥቷል። የምትጠቅመው ለእህቴ ብቻ አይደለም። የልብ ቫልቭ በብረት ተቀይሮላቸው ዕድሜ ልክ ዋርፋሪን የሚውጡ ጎረቤቶችም አሉን። ወጪው በማሽኑ አያበቃም፤ የደም ጠብታዋ የምትነካበት ቁራጭ፣ ስትሪፑ፣ ለአንድ ልኬት ብቻ ነው፣ ዓመቱን ሙሉ መግዛት አለብን። ከተረፈ ልጆቹን ለኢኮ እናሳፍርበታለን።

ብር ያለው ብር፣ በግ ያለው በግ ይስጥ። አዲስ አበባ ያላችሁ የመንዝ ልጆች፣ ለምርመራ የሚመጣ ሰው የሚያድርበት መኝታ ብትሰጡን እሱም ትልቅ እርዳታ ነው። መዝገቡ በእድሩ ገንዘብ ያዥ እጅ ነው። ደረሰኝ ሳትቀበሉ እንዳትሄዱ።