በፎቶው ላይ ያለችው ማን ናት?

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ባለፈው ሳምንት ስለ ፊልም አጀማመር ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ፤ ቅር ያሰኘኝ ከጎኑ ያተማችሁት ፎቶ ነው። አፍንጫዋ ሥር ጥቁር ቀለም የተለቀለቀች ሴት ትታያለች፤ ከሥሩ ያለው ጽሑፍ ግን «ከጆርጅ አልበርት ስሚዝ ፊልም» ብቻ ይላል። ጸሐፊው በእንግሊዝ አገር የብራይተን ከተማ ፊልም ሠሪ የነበረውን ስሚዝን ካሜራን ወደ ሰው ፊት በማስጠጋት ከቀደሙት አንዱ ነው ብለው አወድሰውታል። ልክ ናቸው። ወደ ማን ፊት እንደተጠጋ ግን አልነገሩንም።

ሚስቱ ላውራ ቤይሊ ናት። በ1862 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የተወለደች ስትሆን፣ ከእህቶቿ ጋር በመድረክ ላይ አስቂኝ ተውኔት ትጫወት ነበር። ስሚዝን በ1888 አገባችው። ሰው ማሳቅን ባሏ ካሜራ ከመጨበጡ ከዓመታት በፊት ታውቅበታለች ማለት ነው። ስሚዝ በ1899 በሠራው ፊልም ላይ ባቡሩ ዋሻ ውስጥ ሲገባ የሚሳሳሙትን ጥንዶች የተጫወቱትም ራሳቸው ባልና ሚስቱ ናቸው፤ ለዚያ ዘመን ደፋሮች ነበሩ።

ፎቶው የተወሰደበት የ1903ቱ ፊልም ግን የእሷ ነው ብል አላፍርም። ሜሪ ጄን የምትባል የቤት ሠራተኛ ጫማ ስትወለውል ቀለሙ ጢም ያበቅልላታል። ካሜራው ይጠጋል፤ ራሷን በመስታወት ታያለች፣ ዞር ብላም ተመልካቹን በዐይኗ ትጠቅሰዋለች። ከዚያ እሳቱ አልያያዝ ሲላት ላምባ ታንቆረቁርበታለች። በላምባ እሳት ያቀጣጠለ ሁሉ ቀጥሎ የሚሆነውን ይገምታል፤ ሜሪ ጄን ግን በጭስ ማውጫው ሽቅብ ተወንጭፋ ነው የምትወጣው! ሞታ ከተቀበረች በኋላ እንኳ መንፈሷ ከመቃብር ተነሥቶ የሚፈልገው የላምባ ዕቃውን ነው።

ያ ጥቅሻ ባይኖር ካሜራው መጠጋቱ ምን ይፈይድ ነበር? ከሩቅ የሚታይ መድረክ ላይ ያደገች ተዋናይት፣ ካሜራ ሲጠጋ አንዲት የዐይን ቆብ እንደምትበቃ መረዳቷ ነው እኔን የሚገርመኝ።

የዚያ ዘመን ፊልሞች የተዋንያን ስም አይጽፉም ነበር። እሷ በ1938 አረፈች፤ ባሏ እስከ 1959 ኖሮ ታሪኩን ለሚጠይቁት በራሱ አንደበት አወጋ። የእሷን ወግ የጠየቃት አልነበረም።

እንግዲህ ማረሚያ የምታወጡ ከሆነ አጭር ነው፤ ባለጢሟ ላውራ ቤይሊ ናት።

ከአንባቢዎቻችሁ አንዷ፣
አዲስ አበባ